የትኛው አባ ቶላ?

ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። እስከዚያ ዕድሜዬ ድረስ በምዕራብ በኩል ከሆለታ አልፌ አላውቅም፤ እሱም ለሰርግ ሄጄ ነው፣ ያየሁትም ድንኳኑን ብቻ ነው። ስለዚህ አጎቴ ጋሼ ሽብሩ ከነቀምቴ ደውሎ «ድረሺልን፣ የጫልቱ ሥራ ሊፈርስ ነው» ሲለኝ፣ ማዘን ሲገባኝ ልቤ በደስታ ዘለለ። ስልኩን ሳልዘጋ ሻንጣዬን በዓይኔ መፈለግ ጀመርኩ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ። እኔ ሶፍትዌር እሠራለሁ። ተምሬው አይደለም፤ ኮልፌ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረችኝ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ከስልኬ ቪዲዮ እያየሁ፣ እየተሳሳትኩ፣ ኮምፒውተሩን እየተቆጣሁ ነው የለመድኩት። የአጎቴ ሚስት ጫልቱ ደግሞ ነቀምቴ ላይ ዕቃ መላኪያ አላት። እናት አዲስ አበባ ላለ ልጇ ቅቤና ማር ትልክባታለች፤ ልጅም በተራው ጫማውንና ብርድ ልብሱን ይልክባታል። ዋናው ቢሮ ነቀምቴ፣ ትንንሾቹ ኡኬና ዲጋ ናቸው፤ አዲስ አበባም ዕቃ የምትቀበል አንዲት ቢሮ አለች። ዕቃው ከመኪና ሲወርድ ሶፍትዌሩ ለተቀባዩ ስልክ «ዕቃዎ ደርሷል» የሚል መልእክት ይልካል። ሶፍትዌሩን የሠራው የራሷ ልጅ ናቲ ነው።

ችግሩ፣ መልእክቱ ለማይመለከተው ሰው መሄድ አበዛ። በዚያው ሳምንት ደግሞ የዲጋ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን አዲስ አበባ ያሰፉት ልብስ፣ ሰማያዊ፣ ረጅም፣ ሠላሳ ያህል፣ እንደወጣ ቀረ። እሑድ ትልቅ ጉባኤ አለ። ጫልቱ «እሑድ ልጆቹ ልብስ ከሌላቸው ሰኞ የኡኬንና የዲጋን በር እዘጋለሁ፤ የእግዚአብሔርን ልብስ ጥዬ ሰው ፊት አልቆምም» ብላለች።

«ቋንቋው ነው አሉን» አለኝ ጋሼ ሽብሩ በስልክ። «ናቲ የጻፈበት ቋንቋ አርጅቷል ይላሉ። አንድ ጊዜ በሌላ ቋንቋ አስቀየርነው፣ ያው ነው።»

እኔማ ክንፍ አወጣሁ! በዚያው ሰሞን አዲስ የፕሮግራም ቋንቋ ተምሬ የምሠራበት ሰው እየፈለግኩ ነበር። ልክ አዲስ መጥረጊያ እንደገዛች ሴት ቆሻሻ ፍለጋ ላይ ነኝ በሉት።

ሐሙስ

መንገዱ ሰላም መሆኑን ደጋግሜ ካስጠየቅኩ በኋላ ንጋት ላይ ከአስኮ መናኸሪያ ተሳፈርኩ። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ወፍራም፣ ሳቂታ፣ እግሯ ሥር ፌስታል የደረደረች የነቀምቴ ሰው ናት። ገና ቡራዩን ሳንለቅ ግማሽ ዳቦዋን ቆርሳ እጄ ላይ አስቀመጠችና «ሃዳ ማን ትባያለሽ?» አለችኝ።

ስሜን ነገርኳት።

«በእሱስ እናትሽ ትጥራሽ። የማን እናት ነሽ?»

«የሶሊያና።»

«በቃ ሃዳ ሶሊ!» ብላ ዘጋችው። ሃዳ ማለት በኦሮምኛ እናት ማለት ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እስክመለስ ድረስ የገዛ ስሜን የጠራልኝ ሰው የለም።

ጉዴን ግን ስሙ። አውቶቡሱ ውስጥ ወንዶቹ ሁሉ አባ እየተባሉ ይጠራራሉ። አባ ገመቹ፣ አባ ጫላ፣ አባ ሌንሳ... እኛ ሰፈር አባ የሚባለው መነኩሴ ነው። ሹፌሩን «አባ ኩማ፣ ሬዲዮኑን ቀንስ» ሲሉት ብሰማ ደንግጬ ወደ ሴትዮዋ ዞርኩ፦ «ሹፌሩ መነኩሴ ናቸው እንዴ?»

ሴትዮዋ ዳቦዋ ትን አላት። ከዚያ ያልኩትን በኦሮምኛ ለኋላ ወንበር አስተላለፈች፤ የኋላው ለከኋላው። ሳቁ እስከ መጨረሻው ወንበር ደርሶ ወደ ሹፌሩ ተመለሰ፣ ሹፌሩም በመስታወት እያየኝ አማተበ። ለካ አባ ማለት አባት ነው፤ የኩማ አባት። እዚህ አገር ሰው ከወለደ በኋላ በልጁ ነው የሚጠራው።

አምቦን አልፈን ጌዶ ዳገት ላይ ጎማ ተነፈሰ። አዲስ አበባ ቢሆን ግማሹ ሰው ረዳቱን ይሰድባል፣ ግማሹ ትራንስፖርት ይቀይራል። እዚህ ወርደን ሣር ላይ ተቀመጥን፤ አንዱ በቆሎ አወጣ፣ አንዱ ዘፈን ከፈተ፣ «መነኩሴው» ሹፌር ጎማ ሲቀይር ሁሉም ምክር ይሰጠዋል። ባኮ ስንደርስ ማንጎ በመስኮት ገባ። ማንጎ አልኳችሁ? እኛ የምንበላው የማንጎ ዘመድ ነው፤ ማንጎው ባኮ ነው ያለው። ቀሚሴ፣ እጄ፣ የስልኬ መስታወት፣ ሁሉ ማንጎ ሆኖ ነቀምቴ ገባሁ።

ጫልቱ መናኸሪያ ቆማ ጠበቀችኝ። ረጅም ናት፤ ሲጨንቃት ድምጿ ከፍ አይልም፣ ይባስ ዝቅ ይላል። «በጋ ነጋን ዱፍቴ» አለችኝ፣ እንኳን በሰላም መጣሽ ማለቷ ነው፣ አቅፋም አልለቀቀችኝም። ጨለለቂ ሰፈር ካለው ቤታቸው ስንደርስ ጩምቦ ተሠርቶ ነበር፤ እንደ ትራስ የወፈረ ቂጣ፣ በላዩ ላይ ቅቤና አይብ የተኛበት። እኛ ቤት ክትፎ ላይ ቅቤ በማንኪያ ይለካል። እዚህ ቅቤው ራሱ ምግብ ነው፣ ቂጣው እንደ ሳህን ነው።

ጋሼ ሽብሩን ደግሞ ማየት ነው! ከጉራጌ አገር ለቆ ከመጣ ብዙ ዘመኑ ነው፣ በስልክ ሲነጋገር ኦሮምኛው እንደ ዝናብ ይወርዳል፤ ሲደነግጥ ብቻ በጉራግኛ ይጮኻል። «ነገ ቋንቋውን ታዪዋለሽ» አለኝ። «እኔ በበኩሌ የምችለውን አድርጌያለሁ።»

ምን እንዳደረገ አልጠየቅኩም። ብጠይቅ ኖሮ ያን ሌሊት በሰላም አልተኛም ነበር።

ዓርብ

ቢሮው ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ነው። ማርና ቅቤ፣ አንጮቴ የሚሉት ሥራ ሥር በጆንያ፣ አንዲት ሳጥን ውስጥ የምትንጫጫ ዶሮ። ናቲ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀምጧል፤ ቀጭን፣ መነጽራም፣ ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ እናቱን በጣም የሚፈራ። ስክሪኑን ዞር አድርጎ አሳየኝ። ከላይ እስከ ታች አንዲት የአማርኛ ቃል የለም። ሁሉም ኦሮምኛ ነው።

«ይሄ ምንድነው?»

ናቲ ጣሪያውን አየ። «አባዬን ጠይቂ።»

ጋሼ ሽብሩ ደረቱን ነፋ። «ቋንቋው ነው ችግሩ አላሉም? አማርኛ ነበር፤ እኔ ራሴ ቁጭ ብዬ ቁልፉን ሁሉ በኦሮምኛ አስቀየርኩት። 'ላክ' የሚለውን፣ 'ፈልግ' የሚለውን፣ ሁሉን! ይኸው አሁንም ይሳሳታል። እኔ እንጃ፣ ጉራግኛ ሊሆን ነው የሚፈልገው?»

እግዜር ያሳያችሁ። እኔ ሳቅ ይዞኝ ወደ ዶሮዋ ዞርኩ። ናቲ በትዕግሥት «አባዬ፣ የፕሮግራም ቋንቋ ሌላ ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚታዘዝበት ነው» ቢለው፣ «እኔስ ምን አልኩ? ኮምፒውተሩ ነቀምቴ ነው የሚኖረው፣ በነቀምቴ ቋንቋ ይታዘዝ!» አለ።

ጫልቱ ግን አልሳቀችም። «ልጆች፣ ልብሱ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

ናቲ ፈልጎ አወጣው። ስክሪኑ እንዲህ ይላል፦ ልብስ፣ አንድ ትልቅ ማዳበሪያ፣ ተቀባይ አባ ቶላ፣ ተረክበዋል። አባ ቶላ ማለት የዲጋ መዘምራን መሪ ናቸው። ጫልቱ ደወለችላቸው። «እኔ የተረከብኩት ነገር የለም፣ ሃዳ ናቲ» አሉ፤ «ልጆቹ ግን በየቀኑ ይጠይቁኛል።» ስክሪኑ ላይ ያለው የአባ ቶላ ስልክ ቁጥር ደግሞ የእሳቸው አይደለም። ደወልንበት፤ ዝግ ነው።

«አያችሁ!» አልኩ እኔ። «ቋንቋው አርጅቷል። ቁጥሩን እያበላሸው ነው። ተነስ ናቲ፣ ቦታ ልቀቅልኝ።»

ኧረ እንዴት ያለ ቀን ነበር! ደንበኛ የሚመዘገብበትን ገጽ በአዲሱ ቋንቋዬ እንደገና ጻፍኩት። ጣቴ ይበራል፤ ናቲ ከጎኔ ሆኖ የእሱ ቋንቋ እንደማያንስ ይከራከራል፣ እኔ የእኔ ፈጣን ነው እላለሁ፣ እሱ የእኔ የተፈተነ ነው ይላል፤ ልክ ሁለት ሰው በየኳስ ቡድኑ እንደሚጨቃጨቅ። ምሳ አንጮቴ መጣ። ድንች መስሎኝ ተፈቅፍቆ በቅቤ የራሰውን አንዴ ጎረስኩ፣ ከዚያ ክርክሩንም ረሳሁት። ከሥር የሚወጣ ምግብ ቆጮን የሚያስረሳ ይኖራል ብላችሁ ብትነግሩኝ አላምንም ነበር። እናቴ ይህን እንዳታነብብኝ።

ከሰዓት በኋላ ገጹ አለቀ። አያምርም መሰላችሁ? «አበበ ከበደ» ብዬ ጻፍኩ፤ መዘገበው። እንደገና «አበበ ከበደ» ስለው «እኚህን ሰው አውቃቸዋለሁ» ብሎ ስልኩንና ከተማውን ራሱ ሞላው። ሰው ሁለት ጊዜ አይመዘገብም! አጨበጨብኩ።

«የእኔም እንዲሁ ነው የሚያደርገው» አለ ናቲ ቅር ብሎት። «እኔም በአበበ ከበደ ነው የሞከርኩት።»

ጫልቱ ከኋላችን ቆማ ታይ ነበር። «እኔ ልጻፍበት» አለች። በሁለት ጣቷ እየፈለገች አባ ቶላ ብላ ጻፈች፣ ዲጋ ብላ ስልኩን ሞላች። መዘገበው። ቀጥላ እንደገና አባ ቶላ ስትል የእኔ ውብ፣ ፈጣን፣ አዲስ ሥራ ምን አለ? «እኚህን ሰው አውቃቸዋለሁ።»

«አታውቃቸውም» አለችው ጫልቱ ኮምፒውተሩን። «እኚህ የኡኬው ናቸው።»

ዶሮዋ ብቻ ተናገረች።

ገባችሁ? ሶፍትዌሩ፣ የናቲም የእኔም፣ የመጀመሪያውን ቃል ስም፣ ሁለተኛውን የአባት ስም አድርጎ ይወስዳል። ስሙ አባ፣ አባቱ ቶላ! የቶላ አባት የሆነ ወንድ ሁሉ አንድ ሰው ሆኖ ይቆጠራል፤ የሌንሳ እናት የሆነች ሴት ሁሉ እንዲሁ። መጨረሻ የተመዘገበው የፊተኛውን ስልክና ከተማ ይተካበታል። አዲስ አበባ ላይ ልብስ ሰፊው «ለአባ ቶላ» ሲል ስክሪኑ ራሱ ከተማውን ሞላለት፣ የቢሮዋ ልጅም «አዎ» የሚለውን ተጫነች።

«ወዴት ነው የላከው?» አለ ጋሼ ሽብሩ።

ናቲ ስክሪኑን ወደ ታች ጎትቶ አነበበው። «ኡኬ።»

ጋሼ ሽብሩ ወደ እኔ ዞሮ «ሃዳ ሶሊ» አለኝ፣ «ያንቺም ቋንቋ ያው ነው እንዴ?»

ያን ጊዜ ነው ሳቁ የፈነዳው። ናቲ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ይጠርጋል፣ እኔ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጫልቱ ሳትቀር አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እሱ ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ እኔ ከቪዲዮ የተማርኩ፣ ሁለታችንም አንድ ሰው ጋ ተገናኘን፦ አበበ ከበደ ጋ። አበበ ከበደ በሕይወቱ ኡኬ ዕቃ ልኮ አያውቅም።

ቅዳሜ

የኡኬ ገበያ ቀን ነው። አራታችንም በጋሼ ሽብሩ ጓደኛ ሚኒባስ ሄድን። ዝናቡ አዳሩን ጥሎ ስለነበር መንገዱ ያንሸራትታል፣ በቆሎው ከግራና ከቀኝ አጥር ሆኗል፣ አዲስ አበባ ላይ በብር የሚሸጠው አረንጓዴ እዚህ በነፃ ዓይን ውስጥ ይገባል።

መጀመሪያ ያየው ናቲ ነው። «እማ» አለ፣ «ያቺ ሴትዮ ምንድነው የለበሰችው?»

አንዲት ሴት ጎመን በራሷ ተሸክማ በመንገዱ ዳር ትሄዳለች። ከአንገቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሰማያዊ፣ ረጅም፣ እጅጌው ሰፊ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ጥለት ያለው። ትንሽ አለፍ ስንል በሬ የሚነዳ ሽማግሌ፤ ሰማያዊ። ገበያው ዳር ሽንኩርት የምትሸጥ ወጣት፤ ሰማያዊ። ብስክሌት የሚጠግን ሰውዬ እጅጌውን በገመድ ጠቅልሎ፤ ሰማያዊ። የዲጋ መዘምራን በሙሉ ኡኬ ገበያ ወጥተው ሽንኩርት ይሸጣሉ!

እኔ በሳቅ መተንፈስ አቃተኝ። ጫልቱ ግን የመኪናውን በር ጨብጣ «ጌታዬ፣ ጌታዬ» ትላለች።

የኡኬውን አባ ቶላ ለማግኘት ጋሼ ሽብሩ ወርዶ ገበያው መሐል ጠየቀ። ይሄን ስሙልኝ፣ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። «አባ ቶላን ፈልጌ ነበር» ሲል የተጠየቀው ሁሉ፣ ቅመም ሻጩም፣ ብስክሌት ጠጋኙም፣ ያቺ ሽንኩርት ሻጯም፣ አንድ ቃል ብቻ መለሱ፦

«ኢሳ ከም?»

የትኛው? ማለት ነው። ጋሼ ሽብሩም ሳያስብ፣ አንድም ጊዜ ሳይደናቀፍ፣ «ልብስ የመጣላቸው» አለ። ወዲያው አሳዩን፤ «እኚያ በቅሎ ያላቸው፣ ከገበያው በላይ።»

ናቲን አየሁት። ናቲም አየኝ። ይህን ጥያቄ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰማ እሱ ነው የሚያውቀው። እናቱ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ደንበኛውን ሁሉ ትጠይቃለች። ሶፍትዌሩ ብቻ ጠይቆ አያውቅም።

የኡኬው አባ ቶላ ቀጭን፣ ቀልደኛ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸውም ሰማያዊውን ለብሰው በቅሏቸውን ሲያጥቡ ደረስን። ጫልቱ አንገቷን ደፍታ፣ በጥንቃቄ፣ በኦሮምኛ ነገሩን አስረዳች። ጋሼ ሽብሩ በሹክሹክታ ወደ አማርኛ ይመልስልኛል።

«ልጄ ቶላ አዲስ አበባ ነው» አሉ ሽማግሌው። «እዚያ ከሄደ ቆየ። ስልኬ ላይ 'ዕቃዎ ደርሷል' የሚል ሲመጣ ሌላ ማን ይልክልኛል? ቶላ ነው አልኩ። ስፈታው ልብስ ብቻ! ልጄ በረከት በዝቶለት ዘመዱን ሁሉ አለበሰ አልኩና ለሰፈሩ ሁሉ ሰጠሁ።» ሰማያዊውን እጅጌ እያዩ ሳቁ። «እኔንም ገርሞኝ ነበር። ቶላ የእኔን የጫማ ቁጥር እንኳን አያውቅም፤ የሰፈሩን ሁሉ ልክ ከየት አመጣው?»

ሁላችንም ሳቅን። ጋሼ ሽብሩ ግን ግማሽ ላይ አቆመ። እሱም ከቤቱ ርቆ የኖረ ልጅ ነበር፣ ያውቀዋል።

ሽማግሌው ሰማያዊውን በራሳቸው ላይ አውልቀው ለጫልቱ ሰጧት፣ ከዚያ ገበያ ወርደው ተጣሩ። ሁሉም ሰው ሽንኩርቱንም ብስክሌቱንም ትቶ ማውለቅ ጀመረ። ያቺ ጎመን የተሸከመችው ሴት ግን እንቢ አለች። ጫልቱ ደነገጠች።

«ጎመን የተሸከምኩበትን ልብስ ለእግዚአብሔር ቤት ልትወስጂው ነው?» አለች ሴትዮዋ። «ሳላጥበው አልሰጥም።»

በቃ ሁሉም ተቀበሏት። «እኛም ሳናጥብ አንሰጥም!» ያን ቀን ኡኬ ላይ ምንም ሥራ አልተሠራም። ሳሙና ከየቤቱ ወጣ፣ ውኃ በጀሪካን መጣ፣ እኔ ራሴ እስከ ክርኔ አረፋ ውስጥ ገብቼ «ሃዳ ሶሊ፣ ኛዱ!» እያሉ በቆሎ ወደ አፌ ያስገቡልኛል። ብዪ ማለት ነው፣ እንቢ የሚባልበትን ቃል አላስተማሩኝም። ፀሐይዋ ከደመናው ስትወጣ አጥሩ ሁሉ ሰማያዊ ሆነ። ሰማዩ የወረደ ይመስላል።

አንዲት ልብስ ብቻ ጎደለች። ተቆርጣ የሕፃን ማዘያ ሆናለች፤ ሕፃኑም ውስጧ ተኝቷል። ማንም ሊቀሰቅሰው አልደፈረም።

እሑድ

ዲጋ ከነቀምቴ ወደ ምዕራብ ነው። የኡኬው አባ ቶላ «ይቅርታ ሳልጠይቅ ሰው በልብሴ ሲዘምር አላይም» ብለው አብረውን መጡ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ የዲጋው አባ ቶላ ቆመው ነበር፤ ሰፊ፣ ቁም ነገረኛ፣ ክራቫት ያሰሩ። ሁለቱ አባ ቶላዎች ተያዩ።

«አባ ቶላ» አሉ የኡኬው።

«አባ ቶላ» አሉ የዲጋው።

«አካም ጅርቱ?» «ነጋ፣ አካም ጅርቱ?» ቤቱ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ልጆች ደህና፣ ቶላ ደህና፣ የእርስዎስ ቶላ ደህና... እኛ ሰፈር «ሰላም ነው» ተባብለን የምንጨርሰው ሰላምታ እነሱ ጋ ገና መግቢያው ነው። ስለ ልብሱ አንድም ቃል ሳይነሳ ይቅርታው አለቀ።

መዘምራኑ ሲለብሱ የሳሙናው ሽታ ቤቱን ሞላው። የጎደለችውን ጫልቱ ስትናገር የዲጋው አባ ቶላ አሰቡና «ሕፃኑ ሲያድግ እኛ ጋ ይዘምራል፤ ከአሁኑ ለብሷል ማለት ነው» አሉ። ከዚያ ለራሳቸው የመጣውን ልብስ አንሥተው የኡኬውን ሽማግሌ አለበሱና ከኋለኛው ረድፍ አቆሟቸው። እሳቸው መዝሙሩን አያውቁትም። ጭብጨባውም ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ዘግይቶ ይመጣል። ሁለተኛው መዝሙር ላይ ግን መዘምራኑ በሙሉ በእሳቸው ጭብጨባ ሄዱ።

ጫልቱ ከፊት ተቀምጣ ታለቅሳለች፣ ደግሞ ትስቃለች። ስንወጣ «ነገ በር አልዘጋም» አለችኝ። «ግን ያንን ነገር አስተካክሉልኝ። በየትኛውም ቋንቋ።»

ሰኞ

ማስተካከሉ እንደ ጨዋታ ሆነ። ናቲ በአሮጌው ቋንቋው፣ እኔ በአዲሱ፣ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መጀመሪያ ግን አንዳችንም ሳንነካ ጠዋቱን ሙሉ ከጫልቱ ጎን ባንኮኒው ጋ ቆምን። ሰው ሲመጣ ስሙን እንዴት እንደሚል፣ እሷ ምን እንደምትጠይቅ፣ አንድን ስልክ ስንት ቤተሰብ እንደሚጠቀምበት ሰማን። ከሰማን በኋላ መጻፉ ቀላል ነበር፤ ሁለታችንም ስምን በስም ማዋሃዱን አወጣነው፣ በቦታው አንዲት ጥያቄ አስገባን።

ጫልቱ ፈተነችን። አባ ቶላ ብላ ጻፈች። የናቲ ስክሪን «ኢሳ ከም?» አላት። የእኔም «ኢሳ ከም?» አላት። «ኡኬ፣ በቅሎ ያላቸው» አለች። ሁለተኛውን «ዲጋ፣ የመዘምራን መሪ» አለች። ሁለቱም ስክሪኖች ሁለት አባ ቶላ አሏቸው፣ እያንዳንዳቸው በየስልካቸው። ጋሼ ሽብሩ አጨበጨበ፤ ዘግይቶ፣ እንደ ኡኬው ሽማግሌ።

«ታዲያ የማን ይሻላል?» አለ።

ሁለቱም እኩል ይሠራሉ። ዓርብ ዕለት ሁለቱም እኩል ይሳሳቱ እንደነበረው ማለት ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መርካቶ ላለ አንድ ጅምላ ሻጭ፣ ሰው በሚስቅበት አሮጌ ቋንቋ የሠራሁት ሶፍትዌር እስከ ዛሬ ሳያስነጥስ ይሠራል፤ ሱቁ ውስጥ ብዙ ቀን ቆሜ ሲሸጡ ስላየሁ ነው። ለአንድ መድኃኒት ቤት በአዲስ ቋንቋ ከቤቴ ሳልወጣ የሠራሁትን ግን ከወር በኋላ ትተውታል። ይህን እያወቅኩ ነው ነቀምቴ ድረስ አዲስ ቋንቋ ተሸክሜ የሄድኩት። ሰው በራሱ ካልሳቀ በማን ይስቃል?

ጫልቱ የናቲን መረጠች። «እሱ እዚህ ነው፤ ሲበላሽ እጠራዋለሁ» አለች። የእኔን አጠፋሁት፤ እንኳን ልከፋ፣ ናቲን አቅፌ ሳምኩት። የስክሪኑን ኦሮምኛ ግን ጋሼ ሽብሩ እንዲነካ አልፈቀደም። «እሱስ የእኔ ሥራ ነው» አለ።

ማክሰኞ

ስመለስ ጫልቱ ማርና አንጮቴ በካርቶን አሰረችልኝ፣ ሹፌሩም ያው አባ ኩማ ሆኖ አገኘሁት። «መነኩሴው እዚህ ነኝ፣ ሃዳ ሶሊ!» ብሎ ከፊት አስቀመጠኝ። ባኮ ላይ ማንጎ ገዛልኝ። ቀሚሴ እስከ ዛሬ አልጸዳም።

ከተመለስኩ በኋላ ያለውን ናቲ ነው የነገረኝ። «ሌላ ማን ይልክልኛል?» ያሉት የኡኬው ሽማግሌ ከልቡ አልወጡለት ኖሮ፣ ጋሼ ሽብሩ ሰማያዊ ኮት ገዛ። ከነቀምቴ ቢሮ ወደ ኡኬ ላከው። ተቀባይ በሚለው ላይ አባ ቶላ ብሎ ጻፈ፣ የትኛው ለሚለው ደግሞ በቅሎ ያላቸው። ላኪ በሚለው ላይ አባ ናቲ ብሎ ጻፈ። ከዚያ በሚኒባስ ኡኬ ሄዶ ከቢሮው ፊት ለፊት ገበያው ዳር ቆመ። ሽማግሌው ስልካቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ፣ ኮቱን ተቀብለው እዚያው ለበሱት፣ ወደ ቤታቸው ወደ ላይ ወጡ። ጋሼ ሽብሩ ሰላም ሳይላቸው ወደ ነቀምቴ ተመለሰ።